የጊኒ ፒጋችን ዓይን ነጭ ሆነ፣ የሰው የዓይን ቅባት ልቀባው ወይ? (ደሴ)

የሆጤዋ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጄ ብሎ ጊኒ ፒግ ይዞለት መጣ፣ ለማታውቁት ጭራ የሌለው ከጥንቸል ትንሽ የሚያንስ ነገር ነው፣ ነጭና ጥቁር ስለሆነ ልጁ ቡሬ አለው፣ አያቱ የበሬ ስም ለዚህ ለምናምንቴ ብላ እስካሁን ትስቃለች። እና አሁን ግራ ዓይኑን ጨፈን ያረጋል፣ እንባ ይወርደዋል፣ ጠዋት ጠዋት አይናር ይጋገርበትና ቆቡ ተጣብቆ ነው የማገኘው፣ ማታ በስልክ መብራት ሳየው ደግሞ ጥቁሩ ላይ ልክ ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ እንደሚቀመጠው ጉም የመሰለ ነገር አለ። የሚተኛው የገብስ ጭድ ላይ ነው። ጎመን ይበላል፣ ድርቆሹን ግን እየተወ ነው። እንስሳት ክሊኒክ ደውዬ እኛ ከብትና በግ ነው የምናየው ይሄን አናውቀውም አሉኝ። ቤት ውስጥ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አለ፣ ልጁ ቶንሲል ሲያመው የተረፈ አሞክሳሲሊን ሽሮፕም አለ፣ ጎረቤቴ ሁለቱንም ስጪው ምን ይሆናል ትላለች። እስቲ የምታውቁ በአላህ ንገሩኝ ልጁ እያለቀሰ ነው

ወረኢሉ ነኝ፦
ሃሃሃ ኧረ ያ ጀማዓ ለአይጥ የዓይን ሐኪም! ለኛ ድመት ላኪላት በነጻ ታክመዋለች

የሆጤዋ፦
አንተ ደግሞ ሰው ሲጨነቅ። ልጁ ኮሜንትህን አንብቦ በሩን ዘግቶ አቅፎት ተቀምጧል

የባቲ እናት፦
አብሽሪ ማሬ። እኛ ዓይን ሲያመን ጤና አዳም በውሃ ዘፍዝፈን ነበር የምንታጠበው፣ ወይ ደግሞ ሰፈር ውስጥ የምታጠባ ካለች ወተቷን ጠብ ማድረግ ነው፣ ያኔ ክሊኒክ የት ነበር። ደሞ ልጁ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጣ አያሳየው፣ የሰው ዓይን መጥፎ ነው

ጊኒ ፒግ አሳዳጊ፦
እናቴ ይቅርታ ያርጉልኝና ጤና አዳሙ ይቅር፣ ጭማቂው ፀሐይ ላይ የሰው ቆዳ እንኳን ያቃጥላል፣ ለታመመ ዓይን አይሆንም።
እህቴ አሞክሳሲሊኑን እንዳትነኪው!! ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይሄን አትርሺ። ጊኒ ፒግ ሳሩን የሚፈጭለት አንጀቱ ውስጥ ያለው ጥሩ ባክቴሪያ ነው፣ ፔኒሲሊን አምፒሲሊን አሞክሳሲሊን ክሊንዳማይሲን በአፍ ስትሰጪው እነዛን ጠራርጎ ያጠፋና ክሎስትሪዲየም የሚባለው መርዝ የሚያመነጨው ቦታውን ይይዛል፣ ከዛ ተቅማጥ፣ ከዛ በጥቂት ቀን ሞት ነው። ሰው ለኔ ልጅ የሰራ ምን ያረገዋል ብሎ ስንቱን ገድሏል።
ዓይኑን በተመለከተ፣ ጊኒ ፒግ ፊቱን ሲያጸዳ ከሁለቱም ዓይኑ ነጭ ፈሳሽ አውጥቶ በእጁ ይጠርገዋል፣ እሱ ጤና ነው ብዙ ሰው ግን ይደነግጥበታል። ያንቺ አንድ ዓይን ብቻ ነው፣ ይጨፍናል፣ ጥቁሩም ደፍርሷል፣ ስለዚህ እሱ አይደለም። እኔ የምጠረጥረው ጭዱን ነው። የገብስ ጭድ ያ የሚወጋው ሹል ሹሉ አለበት፣ ይሄ እንስሳ ደግሞ ጭንቅላቱን ቀብሮ ነው የሚሄደው ዓይኑም ፈጠጥ ያለ ነው። ጥርስም ይሆናል፣ መንጋጋ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ስሩ ወደ ላይ ሲገፋ ዓይን ያስለቅሳል። አገጩ ስር ይረጥባል? ጎመኑን አፉ ውስጥ ከቶ መልሶ ይጥለዋል?

የሆጤዋ፦
አይ አገጩ ደረቅ ነው አሁን ዳሰስኩት፣ ጎመኑንም አይጥልም እንዲያውም ይሻማል። ድርቆሹን ነው አሽትቶ የሚተወው። ጥርስ ካልሆነ ቅባቱን ልቀባ ወይስ

የከብት ሐኪም (ኮምቦልቻ)፦
ቆይ አትቀቢ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እውነት ለመናገር ቀኔ የሚያልፈው በበሬና በፍየል ነው፣ ከባቲ በኩል ግመልም ይመጣል፣ ጊኒ ፒግ ግን በእጄ የገባው ጥቂት ነው። ቢሆንም የበግ ዓይን የሚመረመርበት መንገድ ለሱም ይሰራል፣ አናውቀውም ያሉሽ ሰዎች በግ መስሏቸው ቢያዩት ኖሮ ግማሹን ያገኙት ነበር።
መጀመሪያ የሚታየው ኮርኒያ የምንለው የፊተኛው ንጹሕ ሽፋን ተጭሯል ወይ የሚለው ነው። ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካንማ ቀለም አለ፣ ዓይኑ ላይ ነክተሽ በሰማያዊ መብራት ሲታይ የተጫረው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የሰው ዓይን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነው፣ እንስሳት ሐኪሙ ጋ ከሌለ ከነሱ ጠይቆ ማምጣት ይችላል። ይሄን የማስረዝመው ለምን መሰለሽ፣ ፋርማሲ ሄደሽ ዝም ብለሽ የዓይን ጠብታ ስጡኝ ካልሽ ዴክሳሜታዞን ያለበት ሊሰጡሽ ይችላሉ። እሱ መቅላቱን ስለሚያጠፋው የዳነ ይመስልሻል፣ ዓይኑ ተጭሮ ከሆነ ግን ቁስሉ እንዳይሽር ነው የሚያረገው፣ እየጠለቀ ሄዶ ዓይኑ እስከመበሳት ይደርሳል። ዴክሳ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞን የሚል ካየሽበት መልሺው።
ቤት ያለው ቴትራሳይክሊን ለትራኮማ የሚሰጠው ነው፣ ዴክሳ የለበትም፣ እንዲያውም ጊኒ ፒግን የሚይዘው የዓይን በሽታ አንዱ ከትራኮማው ጋር የሚዛመድ ክላሚዲያ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ችግሩ ዓይኑን ይጠርግና እጁን ይልሳል፣ ያ ሆዱ ይገባል፣ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ሆዱን ከሚያውኩት ውስጥ ነው። ጭድ ቆቡ ስር ተሰንቅሮ ከሆነ ደሞ የቱም ቅባት አያወጣውም። ስለዚህ ይታይ፣ ከዛ ይቀባ።
እስከዛ ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የሕክምና ጨው ውሃ ገዝተሽ ለብ አርጊና በጎዝ አይናሩን አርሰሽ አላቂ፣ በጥፍር አትፈቅፍቂ፣ የተሰካ ነገር ብታዪ አትጎትቺ። ጭዱን ዛሬውኑ አውጥተሽ አሮጌ ፎጣ አንጥፊለት፣ ሽንቱ ሲጠራቀም አሞኒያው ራሱ ዓይን ይለበልባል። እጃችሁን ታጠቡ በተለይ ልጁ፣ ያ ክላሚዲያ አልፎ አልፎ ሰውም ይይዛል።
እኔን ከዓይኑ በላይ ያሳሰበኝ ድርቆሹን መተዉ ነው። ሆዱ ከቆመ ሌላ በሽታ ይሆናል። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ወይ በጠጡ ካነሰና ከደቀቀ ነገ እደርሳለሁ አይባልም፣ ይዘሽው ሩጪ። ጠዋት ጠዋት በሚዛን መዝኚው፣ ሆድ ሲጎድል ከዓይን ቀድሞ ሚዛን ይናገራል።
አንድ ነገር፣ የሚያድረው ቡና የሚፈላበት ክፍል ነው?

የሆጤዋ፦
ወላሂ ሳሎን ነው፣ አማቴ ደግሞ ያለ እጣን ቡና አታውቅም፣ አቦል እስከ በረካ ይጨሳል፣ ሐሙስ ወደጃ ማለት የዱዓው ስብስብ ሲሆን ቤቱ ውስጥ እኛም አንተያይም

የከብት ሐኪም (ኮምቦልቻ)፦
ጭሱ ብቻውን አንድ ዓይን ነጥሎ ነጭ አያረግም፣ ግን የታመመውን ያባብሳል ሳንባውንም ይነካል። ቡናው አይቅር፣ ሳጥኑ ይዛወር። ግን ነፋስ የሚገባበት ኮሪደር አይሁን፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ እሱ የሚመቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ጥንቸል ካላችሁም አብራ አትደር፣ ጥንቸል ሳያማት የምትሸከመው ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ለሱ የሳንባ ምች ነው።

ወረኢሉ ነኝ፦
እሺ ከልቤ ልጠይቅ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ ትንሽ ጫት ቢቀነጥስ አይነቃቃም?

የከብት ሐኪም (ኮምቦልቻ)፦
አንተ ስትቅም ምሳህን ትረሳ የለ እንዴ? ለሱ በጭራሽ

ጊኒ ፒግ አሳዳጊ፦
ሃሃ። ስለ ምግብ ከተነሳ፣ ጊኒ ፒግ እንደኛ ቫይታሚን ሲ ራሱ መስራት አይችልም፣ በግም አይጥም ይሰራሉ እሱ ግን ከምግብ ካላገኘ ድዱ ይደማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ቁስል አይሽርለትም፣ ለዓይኑም ያስፈልገዋል። ጤነኛው በኪሎ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ለታመመው ሐኪሙ ከፍ ያረገዋል። የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ ቁራጭ ስጪው፣ የኛን የሚያቃጥለውን ቃሪያ አይደለም! ዘይቱንም ከብርቱካን በብዙ ይበልጣል ግን ስኳር ስላለው ለቅምሻ ብቻ። የቫይታሚን ሲ ኪኒን ከሰጠሽው ውሃው ውስጥ አትጨምሪ ቶሎ ይበላሻል፣ አድቅቀሽ በእጅሽ ነው። ጥቅል ጎመን አታብዢ ይነፋዋል።

የሆጤዋ፦
አልሀምዱሊላህ ሰዎች። አንድ የእንስሳት ሐኪም አግኝቼ ይሄን ሁሉ ኮሜንት በስልኬ አስነበብኩት፣ ስቆ ስቆ በጉን አምጪው አለኝ። ቀለሙን አድርጎ ሲያየው እውነትም አረንጓዴ መስመር ወጣ፣ ቆቡን ገልብጦ ደግሞ ከላይኛው ስር የጭድ ስባሪ በሳላይን አጥቦ አወጣ፣ በጣም ትንሽ ናት ልጁ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጧታል። ዴክሳ የሌለበት አንቲባዮቲክ ጠብታ አዘዘለት፣ የሚያደነዝዘውን ጠብታ ግን ለምርመራ ብቻ ነው ቤት አይወሰድም ቁስሉን እንዳይድን ያረጋል አለኝ። ነጩ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ግን ዓይኑን ይከፍታል፣ ድርቆሹንም ጀምሯል። ተመልሼ እንደገና በቀለሙ እንዲያየው ቀጥሮኛል። አሁን የቀረኝ ፎጣ ማጠብ ሰልችቶኛል፣ ከገብስ ሌላ ምን ላንጥፍለት? የጤፍ ጭድስ?

ጊኒ ፒግ አሳዳጊ፦
እሰይ! የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው ግን ብናኙ ይበዛል፣ ደጅ በደንብ አራግፈሽ ከሆነ ይሁን። ዓይኑ እስኪድን ግን ፎጣው ላይ ቆዪ። የምትሰጪውን ድርቆሽም እየዳበስሽ የሚወጋውን ልቀሚለት፣ ሰርዶ ካገኘሽ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ አጥበሽ አጠንፍፈሽ ስጪው

ወረኢሉ ነኝ፦
ሰርዶ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ለቡሬ በሚኒባስ እልካለሁ። ድመቷን ግን አትንገሪው