ሐኪሙ ጥርጣሬውን ሳይናገር መመርመር ይገባዋል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጉዳቱን በራሱ ላይ እያደረሰ እንደሆነ ሲጠረጠር፣ ሳይነግሩት መመርመር ተገቢ ነው?

የዓይን ሐኪም፦ ተገቢ ነው። መድኃኒት ሲቀያየርለት ከርሞ ያልዳነ፣ ጀርምም ያልተገኘበት ቁስል አለ። ቁስሉ ከታች ወደ አፍንጫው በኩል ሆኖ ጠርዙ የተሰመረ ያህል ከለየ እጠረጥራለሁ፤ እጅ የሚቀናው እዚያ ነው፣ የዓይኑን ላይኛ ክፍል ቆቡ ይከልለዋል። ዓይኑን አሽጌ ሆስፒታል አስተኛዋለሁ። ታሽጎ ሳለ ቶሎ መጠገግ ከጀመረ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ምክንያቱን ቀድሜ ብነግረው ግን ምርመራው ከሸፈ።

ነርስ፦ ዶክተር፣ ማሸጉ ይሁን። የሚያሳስበኝ ራሱን የጎዳ ሁሉ አታላይ መባሉ ነው። ሕመሙን ያስታገሰለትን የማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሞ የሚጨምር ሰው አለ። ጠብታው ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፣ እንዳይድን ያደርጋል፤ ስላልዳነ ያመዋል፤ ስላመመው ይጨምራል። በመጨረሻ ኮርኒያው ላይ ቀለበት የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቶ አካንታሜባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ያመጣው ነው ተብሎ ይታከማል። እንዲህ ያለውን ሰው "ቤትህ ያለውን ጠብታ ሁሉ ይዘህ ና" ማለት ከማሸግ ይቀድማል።

ታካሚ፦ እኔ አልስማማም። እይታዬ ሲቀንስ "ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ ጭንቀት ነው" ተብዬ ተሸኝቻለሁ። ኋላ ከዓይን ኳሱ ጀርባ የእይታ ነርቭ ብግነት ሆኖ ተገኘ። በጅማሬው ሐኪም ዓይን ውስጥ ቢያይ ምንም ላያገኝ ይችላል። ሁለቱን ዓይኖቼን በባትሪ እያፈራረቀ ቢያያቸው ግን ብሌኔ ይነግረው ነበር።

የዓይን ሐኪም፦ እህቴ፣ የባትሪው ምርመራ መዘለል አልነበረበትም። የጎዳሽም መዘለሉ ነው፤ መጠርጠር ብቻውን አይጎዳም። ታወርኩ ለሚል ሰው ባለ መስመር ከበሮ ፊቱ ይሽከረከራል፤ ካየ ዓይኑ ሳይወድ ይከተለዋል። ይህ ማየቱን ያረጋግጣል። ይዋሽ ወይስ ጭንቀቱ አሸንፎት ይሁን ግን አይለይም።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ ብሌንም ላይ እንዲሁ ነው። የሰፋ ብሌን፣ ብሌን የሚያጠብ 1 ፐርሰንት የፓይሎካርፒን ጠብታ ተጨምሮበት ካልጠበበ፣ አትሮፒን መሰል ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት መግባቱን ያመለክታል፤ በነርቭ ሽባነት የሰፋ ብሌን ይጠብ ነበር። ታዲያ እንዴት ገባ? አስተናግር የተባለውን ተክል ነክቶ ዓይኑን ያሸ ሰውም ያው ውጤት ይወጣለታል።

ነርስ፦ ዶክተር፣ ፋሻው የተፈታ ዕለት ምን ይሉታል?

የዓይን ሐኪም፦ "ዓይንህ መዳን እንደሚችል አይተናል፤ እጅም ጠብታም እንዳይነካው አብረን እንጠብቀው" እለዋለሁ። የአእምሮ ሐኪም እንዲያየው አደርጋለሁ፣ ቀጠሮው ግን እኔ ዘንድ ይቀጥላል። "አታለልከኝ" ካልኩት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከሀ ይጀምራል።

ታካሚ፦ ካርዱ ላይስ? "አስመሳይ" የሚል ቃል ከሰፈረ ቀጣዩ ሐኪም በቅጡ አይመረምረኝም። የቁስሉ ቦታና ታሽጎ መዳኑ ብቻ እንዲጻፍ ካልተስማማን፣ ሳይነግሩኝ መመርመሩን አልደግፍም።