ኢንተርኔት በሌለበት ላብ ካታሎጊንግ እንዴት ላስተምር?

መምህር ከክልል፦
ጤና ይስጥልኝ። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ መምህር ነኝ፤ ዘንድሮ ካታሎጊንግ (የመጻሕፍት ምዝገባ) ደርሶኛል። ተማሪዎቼ 58፣ ላቡ ውስጥ የሚነሱት ኮምፒውተሮች 14 ናቸው። ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። እስካሁን የማርክ (ኮምፒውተር የሚያነበው የመጽሐፍ መመዝገቢያ ቅርጽ) ፊልዶችን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው የማስተምረው። 245 የርዕስ ፊልድ መሆኑን ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ሰጥቼ «መዝግቡ» ስላቸው ግን ግማሾቹ የደራሲውን አባት ስም አስቀደሙ። መማሪያው የፈረንጅ ስም ብቻ ስለሚያሳይ አልፈርድባቸውም። ኮሃን (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሩን) ያለ ኢንተርኔት ማስተማር ይቻላል? ስሙንስ እንዴት ታስረዳላችሁ?

የላብ ሰው፦
ይቻላል፣ መምህር። ኮሃ የሚፈልገው ኔትወርክ እንጂ ኢንተርኔት አይደለም። ደህና ራም ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ዴቢያን የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከዚያ ኮሃን ይጫኑ፤ ኢንተርኔት ለዚያን ቀን ብቻ ይበቃዎታል። ሌሎቹ በስዊች ተያይዘው በብራውዘር ይገባሉ። ከውጭ ቤተ መጻሕፍት ሪከርድ የሚስበው ዜድ 39.50 ብቻ አይሠራልዎትም፤ የማርክ ፋይሎችን ቀድመው አውርደው በፍላሽ ያስገቡ። ለየቡድኑ የራሱን ዩዘር ይክፈቱ፤ አለበለዚያ ማን ምን እንደመዘገበ አይለይም።

ካታሎገሯ፦
ስለ ስሙ እኔ ልመልስ። እኛ ከአባት ስም በቀር የቤተሰብ ስም የለንም። አርዲኤም (ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብ) የሰው ስም በአገሩ ልማድ እንዲመዘገብ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አበበ ከበደ ያው «አበበ ከበደ» ነው፤ አይገለበጥም፣ ኮማም አይገባበትም። የደራሲው ስም በሚገባበት 100 ፊልድ ላይ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (የስሙን ዓይነት የሚነግረው ቁጥር) 0 ይሆናል፤ 1 የቤተሰብ ስም ላለው ነው። ነገሩ ትንሽ እንዳይመስልዎት። ሥራ ስጀምር በተረከብኩት የካርድ ሣጥን ውስጥ የአንድ ደራሲ መጻሕፍት ግማሾቹ በስሙ፣ ግማሾቹ በአባቱ ስም ተቀምጠው ነበር። በስሙ የፈለገ አንባቢ ሌሎቹ መኖራቸውን ሳያውቅ ይመለስ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሞክሼ ፊደላትንም አይርሱ። ለሦስት ቡድን አንድ የሰው ስም በቃል ይንገሯቸውና ሳይተያዩ ይጻፉት። አንዱ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሀይለ ስላሴ»፣ ሦስተኛው «ኀይለሥላሴ» ይላል። ከዚያ አንዱ የሌላውን እንዲፈልግ ያድርጉ። ሲያጣው የአውቶሪቲ ሪከርድ (የአንድን ስም አጻጻፎች የሚያገናኝ መዝገብ) ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፤ እዚያ ሪከርድ ውስጥ የተመረጠው ስም 100 ላይ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች 400 ላይ ይግቡ።

ጡረተኛ መምህር፦
ዓመተ ምሕረቱን ልጨምር። 2010 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ 2010 ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ ሲስተሙ እንደ ፈረንጅ ዓመት ያነበዋል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ጽፋችሁ በቅንፍ 2017 ወይም 2018 በሉ። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል።

መምህር ከክልል፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሦስቱን ቡድን ልምምድ ሐሙስ እሞክረዋለሁ። እህቴ፣ 400 ላይ የላቲኑንም አጻጻፍ ላስገባ?

ካታሎገሯ፦
ያስገቡ፤ በእንግሊዝኛ የሚፈልገውም አንባቢ የእኛው ነው።