በ12ኛው ሳምንት ማቅለሽለሹ ጠፋብኝ፤ ፅንሱ በምን ደረጃ ላይ ይሆን?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ እርግዝናዬ

ውድ አባላት፣ የመጨረሻ የወር አበባዬ የጀመረው መስከረም 12 ቀን ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን በአልትራሳውንድ ስታይ ፅንሱ 12 ሳምንት ከ2 ቀን እንደሆነው፣ ከአናቱ እስከ መቀመጫውም 58 ሚሊ ሜትር እንደሚረዝም ተነገረኝ። ነገር ግን ባለቤቴ ከመስክ ሥራ የተመለሰው መስከረም 24 ስለሆነ፣ በእኔ ስሌት 11 ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ከወር በላይ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኝ የነበረው ሁሉ ካለፈው ሳምንት ወዲህ እየቀነሰ ሄዶ ጠፍቷል፤ በሆዴ ውስጥም የሚንቀሳቀስ ነገር አይሰማኝም። የልብ ምቱን በስክሪኑ ላይ አይቻለሁ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ግን ሌላውን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ባለቤቴ ደግሞ ጾታውን ለማወቅ ቸኩሏል።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እንኳን ደስ አለዎት። ሁለቱ ስሌቶች አይጣሉም፤ በሕክምና እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በመሆኑ፣ ፅንሱ ገና ያልተፀነሰባቸው ሁለት ሳምንታት ያህል ተጨምረው ይቆጠራሉ። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ሥራውን ያቀልለዋል። የመውለጃውን ቀን ለማግኘት 9 ወር ከ10 ቀን ይደምሩ፤ ጳጉሜን በመካከል ከገባች ግን ቀኖቿን ከ10ሩ ላይ ይቀንሱ።

ወደ ፅንሱ ስንመጣ፣ ዋና ዋናዎቹ የአካል ክፍሎች እስከ 10ኛው ሳምንት ድረስ ቅርጻቸውን ስለሚይዙ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ማደግና መብሰል ነው። ልቡ በደቂቃ 160 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ጣቶቹ ተለያይተዋል፤ ጥፍሮቹም መውጣት ጀምረዋል፤ ኩላሊቶቹ ሽንት ማጣራት ይጀምራሉ። ዐይኖቹ በቆቦቻቸው ተሸፍነዋል፤ እስከ 26ኛው ሳምንት አካባቢም አይገለጡም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የአንጀቱ ነገር ነው፤ የፅንሱ ሆድ ስለሚጠበው ለሳምንታት በእትብቱ ሥር ወጥቶ ሲያድግ ይቆይና፣ ልክ በዚህ ሰሞን እየተጠማዘዘ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከ12ኛው ሳምንት በፊት እትብቱ ሥር እብጠት ስለታየ ብቻ ጉድለት አለ የማይባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

ልጄ፣ የማቅለሽለሹ መቅረት እኔንም በመጀመሪያው ልጄ አስለቅሶኝ ነበር። ሐኪሜ ያስረዳኝ የእርግዝናው ሆርሞን ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ደርሶ ከዚያ እንደሚቀንስ፣ ሌሎቹን ሆርሞኖች የማምረቱንም ሥራ የእንግዴ ልጁ እንደሚረከብ ነው። እንቅስቃሴውን የተሰማኝ በ19ኛው ሳምንት ሲሆን፣ በሦስተኛው ልጄ ግን 16ኛው ላይ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማቅለሽለሹ ቀርቶ የምግብ ፍላጎትሽ ሲመለስ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እንዳያምርሽ፤ ኮሶ ጠጪ የሚልሽ ዘመድ ከመጣም እሺ አትበይ።

መልስ፦ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪም

ከላይ በተሰጡት መልሶች እስማማለሁ። በዚህ ዕድሜ ፅንሱ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ እጁንም ወደ አፉ ያደርሳል፤ ነገር ግን እጅግ ትንሽ በመሆኑና ዙሪያውን በውሃ በመከበቡ እናቲቱ አይሰማትም። የልብ ምቱን በዐይንዎ ካዩ የማቅለሽለሹ መቅረት ብቻውን አያሰጋም። ደም ከፈሰሰ፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በዚህ ሳምንት የወንድና የሴት ብልት ገና መለያየት ስለሚጀምር፣ አሁን የሚነገር ጾታ ሊሳሳት ይችላል፤ ባለቤትዎ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ቢታገሡ ይሻላል። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ግን በደንብ ያስቀምጡት፤ የፅንስ ዕድሜ በትክክል የሚለካው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ኋላ ላይ በሚደረግ ምርመራ ቀኑ መለወጥ የለበትም።

ጠያቂ፦ የመጀመሪያ እርግዝናዬ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመስከረም 12 ተነሥቼ 9 ወር ከ10 ቀን ብደምር ሰኔ 22 መጣልኝ። ካርዴ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 29 ተብሎ የተጻፈውም ይኸው ቀን ነው። ባለቤቴ እስከ 20ኛው ሳምንት መጠበቁን እያጉረመረመም ቢሆን ተቀብሏል።