ካፍቴሪያችንን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንዲመች አድርገን እንዴት እንሥራው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የወላጆች ተወካይ

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤታችን አዲስ ካፍቴሪያ ሊሠራ ነው። እኔ የልጅ እናት ነኝ፤ ኮሚቴው ውስጥ ወላጆችን ወክዬ ገብቻለሁ፣ የግንባታ ሙያ ግን የለኝም። አዳራሹ 12 በ20 ሜትር ነው። መግቢያው ከግቢው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዊልቸርና በክራንች የሚሄዱ፣ ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ተማሪዎች አሉን። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆኑ ቁመታቸውም ይለያያል። በቀረበልን ፕላን ላይ "ለአካል ጉዳተኞች" ተብሎ በሩ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል፣ የቀረው ሁሉ አግዳሚው ከነጠረጴዛው የተበየደ ረድፍ ነው። ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። ግን "ታዲያ ምን ይሁን?" ሲሉኝ የምመልሰው አጣለሁ። ገና ኮንክሪት አልተሞላም፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ አርክቴክት

እህቴ፣ በጊዜ ነው የጠየቅሽው። ከመግቢያው እንጀምር። የራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ዘንበል ያለ መንገድ) ቁልቁለት ቢበዛ 1 ለ12 ነው፤ ማለትም ለ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 5.4 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋችኋል፣ ከላይና ከታች ደግሞ 1.5 ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ፣ በሁለቱም ጎን መደገፊያ። ቦታ ካላችሁ ግን እኔ የምመርጠው ግቢውን ራሱ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። 1 ለ20 አድርጋችሁ 9 ሜትር ብታስረዝሙት ደረጃም ራምፕም የሚባል ነገር ይቀርና ሁሉም ልጅ በአንድ መንገድ ይገባል። በጓሮ በር የሚያስገባ ራምፕ ከቀረበላችሁ ግን አትቀበሉ።

ውስጡ ደግሞ እንዲህ ነው። ዊልቸር ሙሉ ዙር ለመዞር 1.5 ሜትር ይፈልጋል። መተላለፊያ ከ90 ሳንቲ ሜትር መጥበብ የለበትም፣ ዋናውን 1.5 ሜትር አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ፕላን የሚሳሳተው ወንበሮቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሳለ ስለሚለካ ነው፤ ልጆች ተቀምጠው ወንበራቸው ወደ ኋላ ሲወጣ መንገዱ ይጠፋል። ሰው ተቀምጦበት ለኩ።

ለጠረጴዛው የአሜሪካ የ2010 የተደራሽነት መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው። ለአዋቂ ከፍታው ከ71 እስከ 86 ሳንቲ ሜትር፣ ከስሩ ለጉልበት ቢያንስ 68.5 ክፍት። ለትንንሾቹ ከ66 እስከ 76፣ ለጉልበት ቢያንስ 61። ወርዱ ለአንድ ሰው 76 ይሁን። ከሁሉ በላይ ጠረጴዛውን ከስር እዩት፦ ከሰሌዳው ስር የሚያልፈው ብረት ወይም መሀል ላይ የቆመው ወፍራም እግር ነው ዊልቸሩን የሚያግደው። ከላይ ሲታይ ምንም ችግር የሌለበት ይመስላል።

መልስ፦ ዊልቸር ተጠቃሚ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

የበሩ ጥግ ጠረጴዛ እንዳይሠራ አጥብቀው ይከራከሩ፣ እባክዎ። እኔ በእንደዚህ ያለ ጠረጴዛ ላይ እየበላሁ ነው ያደግኩት። ጓደኞቼ አዳራሹ መሀል ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል፣ ምን እንዳሳቃቸው ግን አላውቅም። አንዳንዴ አንዱ ትሪውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣ ነበር፤ ያኔ ደግሞ እሱ ከሌሎቹ ተለየ ብዬ እጨነቃለሁ። የተበየደውን አግዳሚ ትታችሁ የሚነሳ ወንበር ግዙ። ከዚያ በየጠረጴዛው አንድ ወንበር ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ፣ ልጁ የፈለገበት ይቀመጣል። አርክቴክቱ የጠቀሰው የአሜሪካ መለኪያ ቢያንስ 5 በመቶው መቀመጫ ምቹ ይሁን ይላል፤ ቁጥሩ ቢሟላም ሁሉም አንድ ጥግ ከተከማቸ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ሌላው ትሪው ነው። ዊልቸር የሚገፋው በሁለት እጅ ነው። ታዲያ ትሪው በምን ይያዝ? ጭኔ ላይ አድርጌው አንዴ ስገፋ ሾርባው ወደ ሆዴ ይመጣል፣ ስቆም ወደ ጉልበቴ ይሄዳል። ስለዚህ ባንኮኒው ፊት ትሪ የሚንሸራተትበት መደርደሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይሠራ፣ ከፍታው ከ71 እስከ 86 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይሁን፤ ለትንንሾቹ ወደ 71 ይጠጋ። የማያንሸራትት ንጣፍና ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ትሪም ይገዛ። ምግቡም ከረጅም መስታወት ጀርባ አይሁን። ምን እንዳለ ሳላይ "ያንን ስጪኝ" ማለት ያሳፍረኝ ነበር።

መልስ፦ ማየት የተሳነው መምህር

ስለ እኛ ልጨምር። ነጭ በትር የሚያገኘው ወለል ላይ ያለውን ነው። ግድግዳ ላይ ወገብ ወይም ደረት አካባቢ ተሰቅሎ ወደ መንገድ የወጣ ነገር፣ የእሳት ማጥፊያም ሆነ የእጅ መታጠቢያ፣ በትሩ ከስሩ ያልፍና ሰውዬው ይጋጨዋል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር ካለ ወይ ግድግዳው ውስጥ ይግባ ወይ ከስሩ እስከ ወለል የሚደርስ ነገር ይኑረው።

ከበሩ እስከ ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው እስከ ጠረጴዛዎቹ በእግርና በበትር የሚለይ ሸካራ መስመር አንጥፉ። በከፊል ለሚያዩት የቀለም ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፦ ነጭ ሳህን በነጭ ጠረጴዛ ላይ አይታይም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በጠቆረ ቀለም ክበቡት። አደራ፣ ጠረጴዛዎቹን በየሳምንቱ አታዘዋውሩ። የዕለቱ ምግብ በብሬል ይጻፍ፣ አስተናጋጇም በድምፅ ትናገር። ምግቡን ስታስቀምጥ ሳህኑን እንደ ሰዓት ፊት አድርጋ "ሩዙ 12 ቁጥር ላይ ነው፣ አትክልቱ 3 ቁጥር ላይ" ካለችው ልጁ በራሱ ይበላል። ይህ ሳንቲም አያስወጣም።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህርት

ጩኸቱን ማንም አላነሳም። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ጠንካራ ኮርኒስ፣ መቶ ልጅ በአንዴ። ድምፁ ይነጥርና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጆሮውን ይዞ ምግቡን ትቶ ይወጣል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉትም ይሰቃያሉ፣ ምክንያቱም መሣሪያው የወንበር ጩኸቱንም አብሮ ነው የሚያጎላው። ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ አስገቡ፣ የወንበር እግር ላይ ጎማ አድርጉ። ጸጥ ያለ ክፍልም ይኑር፣ ግን ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሁን፣ "የእነ እገሌ ክፍል" እንዳይባል።

በምልክት ቋንቋ ለሚያወሩ ልጆች ክብ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጫፍና ጫፍ ያሉት እጅ አይተያዩም። መስኮት ከጀርባ ሆኖ ፊትን እንዳያጨልምም ተጠንቀቁ።

መልስ፦ የወጥ ቤት ኃላፊ

ሰልፉን አትርሱ። በብረት የሚታጠረው የሰልፍ መስመር ከ90 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ ዊልቸርም ክራንችም አያሳልፍም፣ ሲታጠፍ ደግሞ ሰፋ ማለት አለበት። ወለሉ ውሃ ሲፈስበት የማያንሸራትት ይሁን፤ ክራንች ይዞ እርጥብ ሴራሚክ ላይ መራመድ አደጋ ነው። ቧንቧው በክንድ የሚከፈት ባለ ረጅም እጀታ ይሁን፣ መታጠቢያው ከስሩ ለጉልበት ክፍት፣ የሙቅ ውሃ ቱቦው የተሸፈነ። እጁ ለሚደክም ልጅ ሁለት እጀታ ያለው ኩባያና እጀታው የወፈረ ማንኪያ እናዘጋጃለን። የሚያጎርሰው ሰው ካለ ከጎኑ የሚቀመጥበት ቦታ ይኑር፤ ቆሞ ማጉረስ ለሁለቱም አይመችም።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኮሚቴው ውስጥ "ለጥቂት ልጆች ይህን ያህል ወጪ?" የሚሉ አሉ። ምን ልበል?

መልስ፦ አርክቴክት

አሁን ከተሠራ ከዘረዘርነው አብዛኛው ተጨማሪ ወጪ የለውም በያቸው። ጠረጴዛ ትገዛላችሁ፣ ከስሩ ክፍት የሆነውን ግዙ። ባንኮኒ ትሠራላችሁ፣ ዝቅ አድርጉት። ገንዘብ የሚበላው ከተሠራ በኋላ ማፍረስ ነው። ደግሞ የውለታ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን አለባቸው ከሚላቸው ሕንፃዎች መካከል ትምህርት ቤቶችን በስም ይጠቅሳል።

ከስብሰባው በፊት ሜዳው ላይ አዳራሹን በልኩ በኖራ አስምሩት። ጠረጴዛውን፣ ባንኮኒውን፣ ሰልፉን ሁሉ። ከዚያ ልጆቹን ጠርታችሁ፣ ባዶ ትሪ አስይዛችሁ እንዲገቡበት አድርጉ፣ የኮሚቴው አባላትም ቆመው ይዩ።

መልስ፦ ዊልቸር ተጠቃሚ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ትሪው ባዶ ባይሆን ይሻላል። ውሃ የሞላ ኩባያ ይቀመጥበት። ሌሎቹም ተማሪዎች አብረው ይሰለፉ፤ መንገዱ የሚጠበው እነሱ ሲኖሩ ነው።