ቫቲካን ስለ ዛፍ ምን አገባት?

ከደብረ ማርቆስ፦ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው። ፖፕ ፍራንሲስ በ2015 (በፈረንጆች) ምድርን ስለ መንከባከብ «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘ መልእክት አውጥተው የምድር ሙቀት በአብዛኛው በሰው ሥራ መጨመሩን ከተመራማሪዎች ተቀብለው አስተማሩ። እኔ አልተዋጠልኝም። ተመራማሪ ነገ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ያን ጊዜ ምእመኑ ምን ሊባል ነው? በ1633 ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ባለው በጋሊሊዮ ላይ የተፈረደው የዘመኑ የከዋክብት ዕውቀት ከእምነት ጋር ስለ ተቋጠረ አይደለምን?

ከባሕር ዳር፦ ካቶሊክ ነኝ። መልእክቱን እስከ 188ኛው አንቀጽ ቢያነቡት ኖሮ ቤተ ክርስቲያን የሳይንስን ጥያቄ ልቁረጥ እንደማትል ባገኙ ነበር። ማስረጃውን ከአዋቂ ትሰማለች፤ ያወቀ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን እርሷ ትናገራለች።

ከዘጌ፦ የእኛን ደን ያቆየው ጥናት አይደለም። የገዳማችን መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በሬ እንዳይጠመድ፣ መሬቱ እንዳይታረስ አዘዋል ይባላል። ቡናው ዛሬም በዛፍ ጥላ ሥር ይለቀማል። ፖፑም ተመራማሪውም ዘግይተው ነው የደረሱት!

ከእንጅባራ፦ የደን ባለሙያ ነኝ። ዘጌ ያለውን ደን መጠበቅ ነበረበት፤ እዚህ አዊ ግን አዲስ እየተተከለ ነው፤ «ትከሉ» የሚል ስብከት ደግሞ የትኛውን ዛፍ እንደሆነ አይነግርም። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ብዙ ጎጆ በዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ ለብሷል። በቅርብ ዓመታት ግን ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያለብስ ፈንገስ መጣ። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለሆነ የሚያስቆመው አላገኘም። የመልእክቱ 39ኛ አንቀጽ የተፈጥሮ ደን በአንድ ዓይነት ተክል ሲተካ ብዝኃ ሕይወት እንደሚጎዳ ይናገራል። ይህ በጸሎት ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ታዲያ ግብርና ቢሮ ይበለው እንጂ!

ከእንጅባራ፦ ይላል። ከቅዳሴ በኋላ የተነገረውን ያህል ማን ይሰማዋል?

ከቡሬ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሦስት ልጅ ያስተማርኩት ባሕር ዛፍ ሸጬ ነው። ከበታቹ ያለው ምንጭ እንደ ቀነሰም በዓይኔ አይቻለሁ። ቄሱም ባለሙያውም ንቀይ አሉኝ። በምን ልተካው?

ከባሕር ዳር፦ እናቴ፣ ይኸው መልእክት የምድርንና የድሆችን ጩኸት አብረን እንድንሰማ ያዝዛል።

ከቡሬ፦ መስማቱንስ ሰማችሁኝ።

ከእንጅባራ፦ ሁሉንም አይንቀሉት፣ እናቴ። ከምንጩ ዙሪያ ያለውን ብቻ ያንሱና በቦታው ዋንዛና ሾላ ይትከሉ።

ከቡሬ፦ እሺ፣ ልጄ። ዋንዛው እስኪደርስ የምበላውንም ጨምረህ ንገረኝ።