ወንዝ በሕግ «ሰው» ይባል? በአፍሪካዊው የሰውነት አስተሳሰብ ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የኒውዚላንድ ፓርላማ በ2017 እ.ኤ.አ. ለዋንጋኑይ ወንዝ ሕጋዊ ሰውነት፣ ማለትም በሕግ ፊት እንደ ሰው መብት የመያዝ ችሎታ፣ ሰጥቷል፤ ኡጋንዳም በ2019 ባወጣችው የአካባቢ ሕግ ተፈጥሮ የመኖር መብት እንዳላት ደንግጋለች። የአፍሪካ ፍልስፍና ለእንዲህ ዓይነቱ ሕግ መሠረት ሊሆን ይችላልን?

አንደኛ ተከራካሪ፦ አይመስለኝም። ኡቡንቱ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ አስተሳሰብ «ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው» ይላል እንጂ በወንዝ ነው አይልም። ናይጄሪያዊው ፈላስፋ ኢፌአኒ ሜንኪቲም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰውነት፣ ማለትም ሰው መሆን፣ ከልደት ጋር የሚመጣ ሳይሆን፣ በማኅበረሰብ ውስጥ ግዴታን በመወጣት ቀስ በቀስ የሚገኝ መሆኑን አስረድቷል። ወንዝ ምን ግዴታ ይወጣል?

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ሜንኪቲን በትክክል ጠቅሰውታል፤ እኔ ግን ከዚያው ሐሳብ ተነሥቼ ሌላ ቦታ እደርሳለሁ። የእኛ እናቶችም ልጃቸው አድጎ ለቁም ነገር ሲበቃ «ሰው ሆነልኝ» ይላሉ። ሰውነት በምግባር የሚገኝ ከሆነ ልንጠይቅ የሚገባን ወንዙ ሰው መሆኑን ሳይሆን፣ ወንዙን የሚመርዘው ሰው መሆኑን ነው። ማኅበረሰብ የሚባለውም በሕይወት ያሉት ብቻ አይደሉም፤ ኬንያዊው ፈላስፋ ጆን ምቢቲ «ሕያዋን ሙታን» ብሎ የጠራቸው አባቶች ከአፈሩ ውስጥ ናቸውና መሬቱን መበደል እነርሱን መበደል ነው። ባደግሁበት በጎንደር ገጠር የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጽድና ወይራ የለበሰ ነበር፤ አያቴ ማገዶ ፍለጋ ሩቅ እየሄደች ከአጸዱ አንዲት የደረቀች ጭራሮ እንኳ አታነሣም ነበር፤ እናቷ እዚያው ተቀብራለችና።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ምስክርነትዎ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ያ አክብሮት ከአጸዱ አጥር አልፎ አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ያለውን ዛፍ የጨረሱት እነዚያው ምእመናን አይደሉምን? ፋብሪካ ቆሻሻውን ወደ ወንዝ ሲለቅቅ የአያትዎ ምግባር ብቻውን አያቆመውም፤ ፍርድ ቤት የሚቆም ከሳሽ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ የአጥሩ ነገር እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። ሆኖም የዋንጋኑይ ሕግ ምን እንዳደረገ እንመልከት፤ ወንዙን ወክለው የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ይሾማሉ፤ አንዱን መንግሥት፣ ሌላውን ከወንዙ ጋር ትስስር ያላቸው የማኦሪ፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ጎሣዎች ይጠቁማሉ። እንግዲህ በተግባር ሲታይ ሕጉ ለወንዙ የሰጠው መብት ለሁለት ሰዎች ግዴታ ሆኖ ወርዷል፤ ይህም ከሜንኪቲ አስተሳሰብ ጋር አይጋጭም። ለአዲስ አበባው አቃቂ ወንዝም እንዲህ ያለ ተወካይ ቢሾም፣ በዚያ በተበከለ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ከሚያለሙት ገበሬዎች መካከል እስከተመረጠ ድረስ ሕጉን እደግፋለሁ።