የልጄ የቤት ሥራ የመንግሥት ድረ ገጽ ይፈልጋል፤ ባለቤቴ ደግሞ አይከፈትም አለ

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አንድ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነው የመጣሁት።

ወንዱ ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። መምህርቷ ኤሌክትሪክ ከምን ከምን እንደሚገኝ ጽፈህ ና ብላዋለች። ጽሑፉ አንድ ገጽ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። መረጃው ቢያንስ ከአንድ የመንግሥት ድረ ገጽ መምጣት አለበት፤ አድራሻው መጨረሻው ላይ ዶት ጎቭ የሚል። ዩቲዩብ አይቆጠርም። ቻትጂፒቲማ ጭራሽ አይታሰብም።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «በዚህ ቤት የመንግሥት ገጽ አይከፈትም» አለ። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አላለቀም። ኢንተርቪው እየጠበቅን ነው። «ማን ምን እንደከፈተ ያያሉ፤ በገዛ እጃችን ለምን እንጋለጣለን» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ከአገር የወጣንበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ይገባዋል። እኛ በነበርንበት ቦታ መንግሥት ስምህን ባያውቅ ነበር የሚሻለው።

ልጁ ሰኞ ያስረክባል። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ሥራ ቦታ ያግባባኛል እንጂ ተርባይን ምን እንደሆነ ለልጅ የሚያስረዳ አይደለም። ልክፈትለት? ወይስ ለመምህርቷ ልጻፍላት? የምታውቁ ንገሩኝ።

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ አይዞሽ። ከትምህርት ቤት መልስ ላይብረሪ የሚመጡ የኛ ልጆችን ሁሌ ስለማግዝ ይህን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ከፍርሃቱ ልጀምር።

ለልጆች ተብለው የተሠሩት የትምህርት ገጾች ስም አይጠይቁም። አካውንት የለም፣ ፓስወርድ የለም፣ የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር፣ ኤ ነምበር የሚሉት፣ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እንደማንኛውም ድረ ገጽ ስንት ሰው እንደገባና ከየት አካባቢ እንደሆነ ይቆጥራሉ። ከዚያ ውጪ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ላይ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ከ1998 ጀምሮ አለ። ሕጉ የወጣው ለንግድ ድርጅቶች ነው፤ የፌደራል መሥሪያ ቤቶችም እንዲከተሉት ታዘዋል። ትምህርት ቤቱ ራሱም ቢሆን ልጅሽን በወረቀት ምክንያት መመለስ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የቴክሳስን ጉዳይ ሲያይ የወሰነው ነው። ስለ ፋይላችሁ ግን ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ የኔ ቃል የጠበቃ ቃል አይደለም።

ባለቤትሽ አሁንም ልቡ ካልረጋ ልጁን ላይብረሪ አምጪው። ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም የኛ ነው። በቤታችሁ መስመር አያልፍም።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር የሚባል የፌደራል መሥሪያ ቤት ኢነርጂ ኪድስ የሚል የልጆች ገጽ አለው። ለዚህ የቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ውሃ፣ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ሙቀት፣ ከሰል፣ ጋዝ፣ ኒውክሌር፣ ሁሉም ለየብቻው ተቀምጧል። የውሃውን ሲከፍት ሥዕል ያገኛል። ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል፤ የተርባይኑን ምላጮች ይመታል፤ ተርባይኑ ሲዞር ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ከዚያ ሽቦ። አንቺ ማስረዳት የለብሽም። ሥዕሉን በጣትሽ እየተከተልሽ «ይሄ ምንድን ነው? ቀጥሎስ?» ብለሽ ጠይቂው። ራሱ በአማርኛ ሊነግርሽ ይሞክራል። ላይብረሪ ውስጥ እናቶች እንዲህ ሲያደርጉ ልጆቹ ከየትኛውም አስጠኚ በተሻለ ሲይዙት አይቻለሁ።

ሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል፦ ስለ ፕላኔትና ስለ ጨረቃ ሲሆን የናሳ ስፔስ ፕሌስ አለ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ የጂኦሎጂ ሰርቬዩ የውሃ ትምህርት ቤት አለ። ሕግ እንዴት እንደሚወጣ፣ ኮንግረስ ምን እንደሚሠራ ደግሞ ቤንስ ጋይድ የሚባል የመንግሥት ማተሚያ ቤቱ ገጽ አለ። ስሙ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን የመጣ ነው፤ ሰውዬው አታሚ ነበር። በሦስት ደረጃ ተከፍሏል፦ ከ4 እስከ 8 ዓመት፣ ከ9 እስከ 13፣ ከ14 በላይ። ይህን ለወላጆችም እመክራለሁ። ወደፊት ለዜግነት ስትቀርቢ የምትጠየቂው ይኸው ነው። ከ2025 ኦክቶበር 20 ጀምሮ ላመለከቱ ሰዎች የጥያቄው ዝርዝር 128 ሆኗል፤ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ከልጅሽ ጋር አሁን ብታነቢው ያኔ አዲስ አይሆንብሽም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዶት ጎቭ የሚሰጠው ለመንግሥት አካላት ብቻ ነው። ባንዲራና ንስር ለጥፎ ዶት ኮም የሚል ካየሽ ዝጊው። በነፃ የሚገኝ ፎርም በገንዘብ የሚሸጡት እነሱ ናቸው።

ሾፌር፣ ከዲሲ፦

እህቴ፣ ባልሽን አትናቂው። የላይብረሪዋን እህት አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ይሄ መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ያ መሥሪያ ቤት ሌላ» የሚለውን ታክስ ላይም ሰምተነው ነበር። በ2025 አፕሪል የታክስ መሥሪያ ቤቱና ኢሚግሬሽን መረጃ ለመለዋወጥ ተፈራረሙ። ስንት ዓመት አምነው ታክስ የከፈሉ ሰዎች ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በየቀኑ ሰው እጭናለሁ፤ የሚያወሩትን እሰማለሁ።

ደግሞ የመንግሥት ገጽ ማለት የታመነ ማለት ነው ብሎ ለልጅ ማስተማሩም ያሳስበኛል። አርሊንግተን መቃብር እዚሁ ጎናችን ነው። በ2025 ማርች ስለ ጥቁር ወታደሮችና ስለ ሴት ወታደሮች የሚያስረዱ የትምህርት ገጾች መግቢያቸው ከድረ ገጹ ተነሣ። በዚያው ወር ታዋቂው ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በውትድርና ስላሳለፈው ጊዜ የሚያወራው ገጽ ከመከላከያ ድረ ገጽ ጠፍቶ ሰው ሲጮህ ነው የተመለሰው። መንግሥት ሲቀየር ገጹም ይቀየራል። እኛ ይህን ከአገራችን አላወቅነውም? የታሪክ መጽሐፋችን ስንቴ ተቀየረ?

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ወንድሜ፣ የታክሱ ነገር እውነት ነው፤ እኔንም አስቆጥቶኛል። ግን ታክስ ላይ ስምህን፣ አድራሻህን፣ ገቢህን ጽፈህ ፈርመሃል። የልጆች ገጽ ላይ ምን ጻፍክ? ምንም። ልዩነቱ ይሄ ነው። ፍርሃቱን በሁሉም ነገር ላይ ካሰፋነው ልጆቻችን ከክፍላቸው ወደኋላ ይቀራሉ፤ ክሊኒክም ላይብረሪም መሄድ እናቆማለን።

ገጾች ስለመነሣታቸው የተናገርከውን እቀበላለሁ። ለዚህ ነው መምህራን ሁለተኛ ምንጭ የሚጠይቁት። ልጁም ገጹን ያነበበበትን ቀን ከምንጩ ሥር ይጻፍ፤ ገጹንም ያትመው። ነገ ቢነሣ እጁ ላይ አለ።

መሐንዲስ፣ ከዳላስ፦

እህቴ፣ የልጅሽ የቤት ሥራ ልቤን ነካው። አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህርቷን የሚያስደንቅ ነው።

የአሜሪካ ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ሁቨር ግድብን የሠራው ነው። እሱም የትምህርት ገጾች አሉት። ይኸው መሥሪያ ቤት በጃንሆይ ጊዜ አገራችን መጥቶ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቷል። ሥራው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዓመታት ፈጅቶ ሪፖርቱ በ1964 ወጣ፤ ሁሉም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ብዙ ቅጽ ያለው ሪፖርት ነው። ዓባይ ላይ አራት ትልልቅ ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር አካባቢ ያለው። የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚያ በድንበሩ አካባቢ ነው። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ሁቨር 2,080 ነው።

ልጁ ይህን ይጻፍ። አሜሪካ ውስጥ ከውሃ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ነው። ለምን? ብሎ ራሱ ይጠይቅ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ስለ ሁቨር ጽፈው ሲመጡ እሱ ስለ ሁለቱም ይናገራል። እኔ ለልጆቼ የዓባይን በረሃ በፎቶ ነው ያሳየኋቸው። ጎጃም ተወልጄ፣ ልጆቼ ወንዙን በስም ብቻ ሲያውቁት ያመኛል። የቤት ሥራ አጋጣሚ ሲሰጠን እንጠቀምበት።

እናት፣ ከፍራንክፈርት፦

እዚህ ጀርመንም ተመሳሳይ አለ፤ ለዚህ ለምትኖሩ ልናገር። የፌደራሉ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል ሃኒሳውላንድ የሚባል የልጆች ገጽ ያዘጋጃል። ፖለቲካን በካርቱን ያስረዳል፤ የልጆች መዝገበ ቃላትም አለው። ልጄ «ፓርላማ ምንድን ነው?» ሲለኝ እዚያ ነው የምንሄደው። እኔም ጀርመንኛዬን ያሻሻልኩት በእሱ ነው ማለት እችላለሁ። ለልጅ የተጻፈ ቋንቋ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ቀላል ነው።

እህት፣ ከሻርጃ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄው የኔ አይደለም፤ ግን ስታወሩ ሰማሁና አላስችል አለኝ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ ወልዲያ ከእናቴ ጋር ነው፤ ሰባተኛ ክፍል። ማታ ሥራ ስጨርስ በኢሞ እደውልለታለሁ። የቤት ሥራውን በስልክ ያሳየኛል፤ ፎቶው ደብዝዞ አይነበብም። አብዛኛውን መጽሐፍ እጁ ላይ የለውም፤ ከጓደኛው ስልክ ነው የሚያነበው። እነዚህን ገጾች እሱ መክፈት ይችላል? ይከፈልበታል?

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ ክፍያ የለውም። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የጻፉት ነገር እዚህ አገር የቅጂ መብት የለበትም። አትመሽ፣ ገልብጠሽ፣ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ብታድዪው የሚጠይቅሽ የለም። አንዳንድ ፎቶ ብቻ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ያለውን ስም ማየት ነው። ዳታ እንዳይበላበት የሚፈልገውን ንገሪኝ፤ በፒዲኤፍ አድርጌ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

ሾፌር፣ ከዲሲ፦

አያችሁ ዋናው ጉዳይ የት እንዳለ? እዚህ ልጆቻችን ገጽ ምረጡ እየተባሉ ነው። እዚያ መጽሐፍ የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በኛ አቆጣጠር በ2015 ሲጀመር መጽሐፉ ለስንቱ ደረሰ? በዚያው ዓመት 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ወደ 845 ሺህ ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ወንድሜ በሳምንት ሁለቴ ይደውላል። «ለልጆቹ ላፕቶፕ ላክ፣ አሜሪካ ርካሽ ነው» ይላል። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የዚህ ልጆች ወጪ እያለ ከየት አመጣለሁ? እምቢ ስል «ረሳኸን» ይላል።

ነርስ፣ ከሲያትል፦

ላፕቶፕ አትላክ ወንድሜ። ልኬ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሦስት ወር ሳይሞላ ተሸጠበት፤ ቤት ውስጥ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈል።

መሐንዲስ፣ ከዳላስ፦

በዚህ አልስማማም። ስለተሸጠ ልጁን መቅጣት አለብን? የተሸጠው ቤተሰቡ ስለተራበ ነው። ለቤተሰቡ ደጎም አድርጎ ለልጁ መሣሪያውን መግዛት ነው። እኔ በየዓመቱ ያገለገለ ታብሌት ገዝቼ፣ መጽሐፎቹን ጭኜበት፣ በሚሄድ ሰው እልካለሁ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ነርስ፣ ከሲያትል፦

ጋሼ፣ እርስዎ የመሐንዲስ ደመወዝ አለዎት። እኔ ድርብ ሺፍት ሠርቼ ነው የምልከው። «ቤተሰቡንም ደጉሙ፣ መሣሪያም ግዙ» ማለት ለኔ ቀላል አይደለም። እዚህ ያለችውን ልጄን የቤት ሥራ የማያት እንኳ እሑድ ብቻ ነው። ለማን ልድረስ?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። የታክሱን ሲሰማ «አላልኩሽም!» አለ። ስም አይጠይቅም የሚለውን ሲሰማ ደግሞ ዝም አለ። ቅዳሜ ላይብረሪ እንወስደዋለን ተባብለናል፤ ቤት ውስጥ ይከፈት አይከፈት የሚለው ገና አልተቆረጠም። የዓባዩን ነገር ግን እሱ ራሱ ነው ለልጁ የነገረው፤ እራት እስኪቀዘቅዝ አወሩ። ለመምህርቷ መጻፉን በተመለከተ በአማርኛ ብጽፍ ይቀበሉኛል?

የላይብረሪ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆንሽ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ በአማርኛም መረጃ ይሰጣሉ። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ መብትሽ ነው። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጊው።

ሾፌር፣ ከዲሲ፦

ጋሼ፣ ያገለገለ ታብሌት የሚሉት ስንት ነው የሚገዙት? በሚሄድ ሰው ሲልኩስ ጉምሩክ አያስቸግርም? ነርሷም ትክክል ናት፤ እኔም ድርብ ነው የምሠራው። ግን ወንድሜ ነገ ደግሞ ይደውላል።

መሐንዲስ፣ ከዳላስ፦

በውስጥ ጻፍልኝ፤ ዋጋውንና የምጭናቸውን መጻሕፍት እልክልሃለሁ። እህቴ ነርሷ፣ በደመወዝ ልመካ አይደለም የጻፍኩት። ግን ትምህርት ቤቱ ተከፍሎ መጽሐፍ ከሌለ ልጁ ምን ያነባል? ይህን መልሽልኝ።

ነርስ፣ ከሲያትል፦

ትምህርት ቤቱ ይግዛ ነው የምለው። የተከፈለው ለዚያ ነው።